ፐርጎላይድ የሚወስድ ፈረስ ምግብ እምቢ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ዳማችን ሃያ ዓመቱን አልፏል። በጉብዝናው ጊዜ ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ ከፊት የሚሰለፍ ነበር። አሁን ጠጉሩ በበጋ እንኳ አይረግፍም፣ ጀርባው ጎድጉዷል፣ ውሃ አይጠግብም፣ የፊት ሰኮናዎቹንም ያመዋል። የኩሺንግ በሽታ (በሸመገሉ ፈረሶች ላይ የሚታይ የሆርሞን መዛባት) ነው ተባልን። ፐርጎላይድ የሚባለውን ክኒን ዘመድ ከውጭ ይዞልን መጣ። ከዚህ በታች ያለው ከእንስሳት ሐኪሙ የተማርኩትና ራሴ ያበላሸሁት ነው።

ምግብ ጠላ፣ አንገቱን ደፍቶ ዋለ

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድርቆሹ እንዳለ አድሯል። ዳማው የታች ከንፈሩን ጥሎ ቆሟል፤ ስጠራው ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፐርጎላይድ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ሥራ ስለሚተካ መጠኑ ሲበዛ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ፈረሱንም ያደነዝዛል። መነሻው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 2 ማይክሮግራም ነው፤ ስለዚህ ባለ 1 ሚሊግራሙ ክኒን የሚበቃው 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ነው። የእኛ አገር ፈረስ የዚያን ግማሽ ቢመዝን ነው! ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ ዙሪያውን ለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ፣ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ልክ በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። የዳማው 140 እና 150 ሆነ፤ 247 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ግማሽ ክኒን ለሚበቃው ፈረስ ሙሉ እሰጥ ነበር።

መፍትሄው፦ ጭራሽ ካልበላ ክኒኑን ሁለት ሦስት ቀን አቁሙና ለሐኪሙ ንገሩ። እየቀነሰም ቢሆን የሚበላ ከሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሳችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩት። ፍላጎቱ ሲመለስ፣ መጨመር ካስፈለገ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ነው። ጠዋትና ማታ ተከፍሎ ሲሰጠው የሚስማማው ፈረስም አለ። ተናዶ ክኒኑን ከነአካቴው መጣል ግን በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ፉርሽካውን ትቶ ሣሩን ከበላ

ይሄ የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ ክኒኑን አውቆባችኋል። የኛው ፉርሽካውን ጥርግ አድርጎ ልሶ ክኒኗን እንደ ጠጠር በገበታው ጥግ ይተዋታል። ትንሽ ካሮት ሰንጥቃችሁ መሃሉ ላይ ሸጉጧት። ማር ወይም ሞላሰስ አትጠቀሙ፤ ስኳር ሰኮናውን ያባብሰዋል። (ገብስም ያው ነው፤ ለዚህ በሽተኛ ገብስ ማብላት ደግነት አይደለም።) ክኒኑን አትፍጩት፣ ብናኙ ሰው ይጎዳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ባትነካው ይሻላል፤ የነካውም እጁን ይታጠብ። የተተፋ ክኒን ካለ ውሻው ሳይቀድማችሁ አንሱት።

ጥርሱን ካፋጨ፣ ፋንድያው ከላላ

ፐርጎላይዱን ከመክሰሳችሁ በፊት ሌላ ምን እየሰጣችሁ እንደሆነ አስቡ። ለሰኮናው ሕመም ፊኒልቡታዞን የተባለውን ማስታገሻ አብሮ የሚሰጠው ብዙ ነው። እሱ ሲሰነብት ጨጓራና አንጀት ያቆስላል፣ ውሃ ባነሰው ፈረስ ላይ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። አፉን ከፍታችሁ ምላሱንና ድዱን እዩ። ቁስል ካለ ወይም ከሆዱ ሥር ካበጠ ማስታገሻውን አቁማችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጥሩ። በላዩ ላይ ሌላ ማስታገሻ መደረብ ትልቁ ስህተት ነው።

ሌሎች

ድርቆሹን አኝኮ እየጠቀለለ የሚተፋ ከሆነ ጥርሱ ይታይ። ጎኑን እየዞረ ካየ፣ መሬት ከደበደበና ከተንከባለለ የሆድ ቁርጠት ነው፤ ክኒን አትስጡት፣ ሐኪም ጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን። ውሃ መጠጣቱና ሽንት ማብዛቱ የበሽታው ነው፤ ጋጣው ረጠበ ብላችሁ ውሃ አትከልክሉት።

ንቃቱ በሳምንታት ይመለሳል፣ ጠጉሩ ግን ወራት ይፈልጋል። በዚህ መሃል ቸኩሎ መጠን መጨመር ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል። እኔ በጋጣው በር ላይ በከሰል ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ቀኑን፣ የሰጠሁትን መጠን፣ ያደረውን ድርቆሽ። ሐኪሙ ሲመጣ ከፈረሱ በፊት የሚያየው በሩን ነው።