የበለዘ ጥርስ እንዴት ይነጣል? በመጀመሪያ ከምን እንደበለዘ ይወቁ

ጥርስ የሚበልዘው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ሳይለዩ ጥርስ ማንጫ ጄል የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያባክናሉ፤ አንዳንዴም ጥርሳቸውን ይጎዳሉ።

ቀን፣ መስኮት አጠገብ መስታወት ይዘው ይቁሙ። ከንፈርዎን ገልጠው የፊት ጥርሶችዎን በንጹህ ጨርቅ ያድርቁና ቀለሙ የት እንዳለ ይመልከቱ።

በድድ ጠርዝና በጥርሶች መሃል የተከማቸ ቡናማ ቀለም ከውጭ የተለጠፈ ነው፤ ሳይታጠብ ያደረ የቡና ስኒ ውስጡን እንደሚበልዘው ማለት ነው። ሻይ፣ ጫትና ሲጋራም እንዲሁ ያደርጋሉ። በጥፍር ሲነኩት ሻካራና ጠንካራ ከሆነ የጥርስ ድንጋይ ነውና ብሩሽ አያነሳውም። ክሊኒክ ሄደው ያሳጥቡት፤ ምናልባት ከዚያ ወዲያ ምንም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ጥርሱ ሲበቅል ጀምሮ ያለ፣ በግራም በቀኝም የሚመሳሰል ነጭ ሰረዝ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሃራና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ (በልኩ ሲሆን ጥርስን የሚያጠነክር፣ ሲበዛ ግን የሚያበልዝ ማዕድን) ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በአካባቢው ከዚያ በላይ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። እነዚህን ልጆች «ጥርሱን አይፍቅም» ብሎ ማሸማቀቅ ግፍ ነው፤ ብልዘቱ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ የተሠራ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢፍቁት አይለቅም። ቀለል ያለውን ሀኪም ስስ የላይኛውን ሽፋን ፍቆ ያሻሽለዋል፤ የባሰው በጥርስ መልክ በተሠራ ሽፋን ይለበጣል። በዚያ አካባቢ ሕፃን የሚያሳድጉ ከሆነ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ውሃ፣ ለምሳሌ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አፍልተው ያጠጡት። የጉድጓዱን ውሃ ማፍላት ጀርም እንጂ ፍሎራይድ አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል።

አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይነሱ።

ማስነጣት ከወሰኑ መጀመሪያ የተቦረቦረ ጥርስ ያስሞሉ፣ የሚደማ ድድ ያሳክሙ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ እስኪወልዱ ይቆዩ፤ ዕድሜዎ ከ18 በታች ከሆነም ይጠብቁ። ጥርስዎን በሽቦ እያስተካከሉ ከሆነ ሽቦው እስኪወጣ ይታገሱ፣ አለዚያ ከተለጠፈው ብረት ሥር ያለው ቦታ ሳይነጣ ይቀራል።

ሀኪሙ በጥርስዎ ልክ ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይሠራልዎታል፤ የተለመደው ጄል ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የሚባል የሚያነጣ ኬሚካል 10 በመቶ ያለው ነው። ማታ ጥርስዎን ቦርሸው፣ በማቀፊያው የፊት ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ጥርስ ከምስር ፍሬ ያልበለጠ ጄል ያድርጉ። ካጠለቁት በኋላ ድድዎ ላይ የፈሰሰውን በጣትዎ ይጥረጉ፤ ድድ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሀኪሙ የነገረዎትን ሰዓት ያህል ያቆዩት። ለውጡ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል። ቀዝቃዛ ነገር ጥርስዎን ከጠዘጠዘዎ አንድ ሁለት ቀን አርፈው ይቀጥሉ። የተሞላና የተለበጠ ጥርስ ቀለሙን አይለውጥም።

ሎሚ፣ የከሰል ዱቄትና በረኪና ግን በፍጹም አይሞክሩ። ሎሚ የጥርስን ልባስ ያሟሟል፤ ልባሱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ይወጣልና ጥርስዎ ከበፊቱ ይብስ ይበልዛል። መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ ጫፉን እስኪለሰልስ አኝከው፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ይፋቁ፤ ማታ ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ሁለት ደቂቃ ይቦርሹ።