«ለጊዜው ነው» ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለባሕር ዳር አሽከርካሪዎች

ባሕር ዳር ለመንዳት አትከብድም። ሜዳ ናት። መንገዷ ሰፊ ነው፣ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፣ ከጣና በኩል ነፋሻ አየር ይገባል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ያዘናጋል። ዳገት ቁልቁለት የለመደ ሹፌር ይጠነቀቃል፤ ሜዳ የለመደ ግን አንድ እጁን መስኮት ላይ ጥሎ ይነዳል።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ቃል ነው፦ «ለጊዜው»። ለጊዜው በውክልና ልንዳ። ለጊዜው እዚህ ጋ ላቁም። ለጊዜው አንድ ሰው ልደርብ።

በውክልና ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መቆየት

ቪትዜን የገዛሁት ከአንድ የዘጌ ሰው ነው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዋጋ ተስማማን፣ ውል ተፈራረምን፣ ውክልናም ሰጡኝ። «ስሙን ቀስ ብለህ ታዛውረዋለህ፤ ለጊዜው በዚህ ንዳ» አሉኝ። ለስም ማዛወሪያ የሚከፈለው ገንዘብ በእጄ ስላልነበረ ደስ አለኝ። ያ «ለጊዜው» ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ከዚያ ሰውየው አረፉ።

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነገር የሚያውቅ ጓደኛዬ «ውክልናህም እኮ አብሮ አረፈ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። በእጄ ያለው ወረቀት ማኅተም ያለበት ማስታወሻ ሆኖ ቀረ። ወራሾቹ አምስት ናቸው፤ አንዷ ያለችው ውጭ አገር ነው። ወራሽነት በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ፣ ሁሉም እስኪፈርሙ ድረስ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ሰፈረባት። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነው። ልጆቹ ጨዋ ባይሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬም አልጨርስም ነበር።

ሻጮችም እዚህ ጋ ጆሮ ስጡ። ብዙ ሻጭ ብሩን ቆጥሮ ከወሰደ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2081 አንብቡ። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው ስም ደግሞ የእናንተ ነው። ገዢው መራዊ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው እናንተ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ «ሸጬዋለሁ» ብሎ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ጠይቃችሁ ከዋጋው ጋር ደምሩት። አቅም ካልፈቀደ ረከስ ያለ መኪና ፈልጉ። ሊብሬውን በማየት ብቻም አትመኑ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ አመሳክሩ። መኪናው የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለበት ፋይሉ ያለበት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። «ኧረ ምንም የለበትም» የሚል ሻጭ ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የመድኑን ቀን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን ስንቱን አሳስታለች። ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራው ምልክት) ላይ ያለው ዓመት የእኛ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የማብቂያ ቀኑ 15/12/2024 የሚል ወረቀት የያዘ አንድ ባለ ባጃጅ አውቃለሁ። 12ን ነሐሴ አድርጎ አነበበው፤ ዓመቱን ልብ አላለም። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 6/2017 መሆኑ ነው። ትራፊክ ሲይዘው «ገና ስምንት ወር አለኝ» ብሎ ሲከራከር ያየው ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ወረቀቱ በእጃችሁ እንደገባ የማብቂያ ቀኑን ወደ እኛ ቀይራችሁ ጻፉት፤ ስልካችሁ ላይም አስታዋሽ አድርጉበት። የመንጃ ፈቃዳችሁንም የማብቂያ ቀን በዚያው እዩት።

ሌላው የተለመደ ስህተት የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና የሚያስጠግን መምሰሉ ነው። አያስጠግንም። ስሙም ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው። ለራሳችሁ መኪና ሌላ ዓይነት ውል ያስፈልጋል።

በር ላይ ለቆመ ሰው ወረቀት ማስረከብ

የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለበት ሁሉ በሩ ላይ «ምን ነበር ወንድሜ?» የሚል አይጠፋም። ሁሉም ሌባ ነው አልልም። ግን ዋናውን ሊብሬና የመታወቂያ ኮፒ ይዞ ወደ ካፌ የሚገባ ሰው ወረቀቱን እስኪመልስ ድረስ ጌታችሁ እሱ ነው። ቦሎ ያለ ምርመራ «የሚያወጣ» ደግሞ የሚሸጥላችሁ የራሳችሁን ፍሬን ነው። ምርመራው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውን የሚያየው ለእናንተው ነው።

ራሳችሁ ሂዱ። ጠዋት 2:30 ላይ ድረሱ። ዓርብ ከሆነ የምሳ ሰዓቱ 5:30 ጀምሮ እስከ 7:30 መሆኑን አትርሱ፤ 5:15 ላይ ደርሶ የሚናደድ ሰው ሁሌም አይጠፋም። የሁሉንም ሰነድ ዋናውንና ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፤ ጉርድ ፎቶና ፋይዳም ጨምሩ። «ሲስተም የለም» ከተባለ ተቀምጦ ከመጠበቅ መቼ እንደሚመለስ ጠይቆ መሄድ ይሻላል። እኔ ዳቦና መጽሐፍ ይዤ ነው የምሄደው።

«መንጃ አለኝ» ብሎ ያገኙትን ሁሉ መንዳት

የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የወንድሙን ባጃጅ ለአንድ ቀን ሲይዝ ስህተት እየሠራ አይመስለውም። ባለ ሦስት እግር የራሱ ምድብ አለው፤ ሞተር ሳይክልም እንዲሁ። ያለ ምድብ ነድቶ ሰው የጎዳ ሰው እንደ መንጃ ፈቃድ አልባ ይታያል። መድን ድርጅቱም ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል።

ስፖኪዮ ሳያዩ በር መክፈት

ስለዚህች ስህተት ብዙ ብናገር አይበዛብኝም፤ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሥጋ ሻጩ፣ አዛውንቱ ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። ብስክሌት ድምፅ የለውም። ከመንገዱ ዳር፣ ከቆሙት መኪኖች አጠገብ ነው የሚያልፈው። በሩን ገርበብ ስታደርጉት ለሚመጣው ሰው ግድግዳ ነው። በሩን ሸሽቶ ወደ መሀል ቢታጠፍ ደግሞ ከኋላው ባጃጅ አለ።

መፍትሔው ነጻ ነው። የሹፌሩ በር በግራ ነው፤ ስለዚህ በቀኝ እጃችሁ ክፈቱት። ሞክሩት። ሰውነታችሁ የግዱን ይዞራል፣ ዓይናችሁም ወደ ኋላ ያያል። በቀኝ በኩል የተቀመጠ ተሳፋሪ በግራ እጁ ይክፈት። ልጆቼን እንዲህ አስለምጄ አሁን ታክሲ ውስጥ እንኳ ሌላውን ሰው ይቆጣሉ።

ብስክሌትን ስታልፉም ቦታ ስጡት። ጭቃ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥመው በድንገት ወደ እናንተ እንደሚዞር አስባችሁ እለፉት። ክረምት ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚሞላ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ከኋላው ተጠግቶ ክላክስ መንፋት ያስደነግጠዋል፤ ሰው ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

አደባባይ ላይ «እኔ ልቅደም»

ቅድሚያ አስቀድሞ አደባባዩ ውስጥ ለገባው ነው፤ ከግራችሁ ለሚመጣው። ይሄን ሁሉም ሰው ለፈተና አጥንቶታል። ፈተናው ሲያልቅ ግን የሚቀድመው ትልቁ መኪና ይሆናል። ከአደባባይ ስትወጡም ፍሬቻ አሳዩ። ፍሬቻ ባለማሳየት ሌላውን ማስጠበቅ ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን ንቀትም ይመስለኛል።

ለባጃጅ ወንድሞቼም አንድ ቃል። ሰው እጁን ሲያነሣ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ማለት ይቅር። ዳር ያዙ፤ አሥር ሜትር ተራምዶ ቢመጣ ማንም አይሞትም። ከኋላችሁ ያለው ሰው ግን ሊሞት ይችላል። ከሹፌሩ ጎን የሚደረበውም «ለጊዜው» ሰው መሪውን በክርኑ ይዞ እንደሚሄድ አስቡት።

ድልድይ ላይ ስልክ

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቋል፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። የሚያምር ነገር ሠርተናል፤ ፎቶ መነሣት ያምራል፣ እኔም ተነሥቻለሁ። ግን በእግር ሄጄ። መኪናውን ድልድዩ ላይ አቁሞ ባለቤቱን ከነልጆቹ የሚያሰልፍ ሰው ከኋላው በ60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ እንዳለ ረስቶታል።

ቁጥሩን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። «የት ደረስክ?» የሚለውን መልእክት ለማየት ሦስት ሰከንድ ስልካችሁ ላይ ካፈጠጣችሁ 50 ሜትር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። ሙሉውን ድልድይ ለማለፍ የሚበቃው 23 ሰከንድ ነው። ዓባይ ማዶ ደርሳችሁ፣ ዳር ይዛችሁ መልሱለት። የሚጠብቅ ሰው ይጠብቃል።

ፍጥነት ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት ሒሳብ አለ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ30 እየሄደ በጊዜ የቆመ ሹፌር በ60 ቢሆን ኖሮ ዜብራውን አልፎ ነበር። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አካባቢ፣ በዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢዎች በር ላይ ተማሪ ሲወጣ ይሄን አስታውሱ።

ቅሞ መንዳት

መጠጥ ጠጥቶ መንዳት ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጫት ላይ ግን እንከራከራለን። «ያነቃል» ይላሉ። አዎ፣ ያነቃል፤ ምርቃናው እስካለ ድረስ። በምርቃና የሚነዳ ሰው ከሚችለው በላይ የሚችል ይመስለዋል። ምርቃናው ሲለቅ ደግሞ የታፈነው እንቅልፍ ከነወለዱ ይመጣል። ለረጅም መንገድ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፤ ሌላ የለም። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ደግሞ ደጀንን አልፋችሁ የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥታችሁ አትልቀቁ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን ብቻውን ይግላል፣ ከጋለ በኋላ አይዝም። በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ።

ድንጋይ አስቀምጦ መሄድ

የጎንደርን መንገድ በዘንዘልማ፣ በሐሙሲት፣ በወረታ አድርጎ የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ። አንደኛው ከብት ነው። የፎገራ ላም መንገድ ስታቋርጥ ክላክስ አትሰማም፤ አንዷ ካለፈች ሌላዋ ትከተላለች፣ ከዚያ ደግሞ እረኛው። የመጀመሪያዋን አይታችሁ ካለፋችሁ የመጨረሻዋን ትገጫላችሁ። ሲመሽ ደግሞ ረጅም መብራት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውረዋል፤ ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ።

ሁለተኛው ድንጋይ ነው። መኪና ሲበላሽ ከኋላ ድንጋይ ደርድሮ፣ ቅጠል ጥሎ ማስጠንቀቅ ልማዳችን ነው። አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መኪና ውስጥ መኖር ነበረበት፤ እሺ፣ የለም እንበል። ግን ተጠግኖ ሲነሣ ድንጋዩን ማን ያንሣው? «ለጊዜው» ብሎ የደረደረው ሰው ጎንደር ገብቶ ራቱን ይበላል፤ ድንጋዩ ጨለማ ውስጥ ይጠብቃል።

ባለፈው ክረምት ምሽት ላይ እየተመለስኩ ከዘንዘልማ ወዲህ እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። የፊት ቀኝ ጎማዬ ተቀደደ። ዙሪያውን ባይ የተበላሸ መኪና የለም፤ የፈሰሰ ዘይትና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ። ጎማውን እየቀየርኩ ሳለ በግ የሚነዳ አንድ ልጅ መጣና ስልኬን እያበራ ያዘልኝ። ስንጨርስ አራቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አንከባልለን ቦይ ውስጥ ጨመርናቸው። ልጁ «ጋሼ፣ ትናንትም እኮ አንድ ሞተር እዚችው ላይ ወድቋል» አለኝ።