አንዴ ኮምፓይል፣ ስድስት ቦታ ጭነት፦ ቴሰራክት 5ን ወደ ዴብ ፓኬጅ መቀየር

ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ስድስት ኮምፒውተሮች አሉት። ሁሉም ላይ የተጫነው ኡቡንቱ 22.04 ነው። ኢንተርኔት የለም። የግድ ሲሆን የስልኬን ዳታ እከፍታለሁ። እዚያ የምንሠራው የድሮ የአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶችን ስካን አድርጎ፣ ቃል ተፈልጎ ሊገኝበት ወደሚችል ጽሑፍ መቀየር ነው። መሣሪያችን ቴሰራክት ነው። ይህ ፕሮግራም በሂውሌት ፓካርድ ቤት ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። አማርኛ ማንበብም ይችላል።

ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የመጣው ግን ቴሰራክት 4.1.1 ነው። እኔ የፈለግሁት 5.3.4ን ነበር። 5ኛው ትውልድ ስሌቱን አነስ ባለ የቁጥር ዓይነት ስለሚሠራ ይፈጥናል፤ ራምም ይቆጥባል። 4 ጊጋ ራም ላላቸው አሮጌ ማሽኖች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ ከጻፉት ኮድ ፕሮግራሙን ራሴ መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» ብዬ (ሱዶ በአስተዳዳሪ ፈቃድ አስኪድ ማለት ነው) ቀጥታ ሲስተሙ ላይ ጫንኩት። ሠራ። ከወር በኋላ ላጠፋው ስል ግን የቱ ፋይል የት እንደገባ የሚነግረኝ አጣሁ። ሌሎቹ አምስት ኮምፒውተሮች ላይም ያንኑ ሁሉ ልደግም ነው። ከዚያ ወዲህ ከሶርስ የሠራሁትን ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ ዴብ ፓኬጅ፣ ማለትም ኡቡንቱ ራሱ ሊጭነውና ሊያጠፋው የሚችል አንድ የታሸገ ፋይል፣ ሳላደርግ አልጭንም። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው። ትልልቅ ፊደል የሚያስፈልግበትን ቦታ እነግራችኋለሁ።

መሣሪያዎቹን በመጫን እንጀምር። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እዚህ ጋና በኋላ ፋይል ስናወርድ ነው።

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢውልድ-ኢሴንሻል ኦቶሜክ ሊብቱል ፒኬጂ-ኮንፊግ ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭ

ሌፕቶኒካ ቴሰራክት ምስል የሚያነብበት ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» ያለው ፓኬጅ ለኮምፓይል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ሌሎቹ አምስት ኮምፒውተሮች ላይ አያስፈልግም። የቴሰራክት 5.3.4ን ሶርስ ኮድ ጊትሀብ ላይ ካለው ገጹ አውርዱና ፍቱት። ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ፦

./ኦቶጄን.ኤስኤች
./ኮንፊገር --ፕሪፊክስ=/ዩኤስአር --ዊዝአውት-ከርል --ዊዝአውት-አርካይቭ
ሜክ -ጄ2

ከርልንና አርካይቭን (ከኢንተርኔት የሚያወርደውንና የታመቀ ፋይል የሚፈታውን ላይብረሪ) የከለከልኩት በምክንያት ነው። ኮንፊገር ኮምፒውተራችሁ ላይ ያገኘውን ላይብረሪ ሁሉ ሳይጠይቅ ያስገባል። ያ ላይብረሪ ደግሞ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። የማትፈልጉትን ከመጀመሪያው ከልክሉ። «ጄ2» ሁለት ሥራ ጎን ለጎን አስኪድ ማለት ነው። ራም ካላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ፤ 4 ጊጋ ላይ ግን ከሁለት አትለፉ።

ሜክ እየሠራ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። ሜክ ያለቀውን ትቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። እኔ ጋ መብራት ድርግም ባለበት ቅጽበት እየተጻፉ የነበሩ ፋይሎች ባዶ ሆነው ቀርተው ነበር። ሜክ የሚያየው ሰዓታቸውን ነው፤ አዲስ ስለሆኑ ያለቁ መስሎት አለፋቸው። በመጨረሻ ሁሉም ሲገጣጠም ሊንከሩ «ይህን ፋይል አላወቅሁትም» ብሎ ቆመ። መፍትሔው ቀላል ነው። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ነጥብ ኦ እና ነጥብ ኤልኦ ፋይሎች «ፋይንድ» በሚለው ትእዛዝ ፈልጋችሁ አጥፏቸውና ሜክን እንደገና ጥሩት። ካላስተማመናችሁ «ሜክ ክሊን» ብላችሁ ከሀ ጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ፕሮግራሙን ሲስተሙ ላይ አንጭነውም። ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ልክ የተጫነ አስመስለን እንዘረጋዋለን።

ሜክ ኢንስቶል-ስትሪፕ ዴስትዲር=/ቴምፕ/ቴስፓክ

«ዴስትዲር» በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። «ቴምፕ» ደግሞ ሲስተሙ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ኢ የለውም፣ «ዩኤስአር»ም እንዲሁ ሦስት ነው። «ስትሪፕ» የሚለው ለፕሮግራመር ብቻ የሚጠቅመውን የስህተት መፈለጊያ መረጃ ይገፍፋል። ካልተገፈፈ ፓኬጁ ያለ ምክንያት ይወፍራል። ሱዶ አያስፈልግም፤ ሱዶ ከጠየቃችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው፣ ቁሙ።

ቴስፓክን ስትከፍቱት ዩኤስአር የሚባል ፎልደር፣ ውስጡ ቢን፣ ሊብና ሼር ታያላችሁ። ሼር ውስጥ «ቴስዳታ» አለ። የቋንቋ ፋይሎቹን እዚያ አስገቡ፦ አማርኛው «ኤኤምኤች»፣ እንግሊዝኛው «ኢኤንጂ» ተብሎ የሚጀምረው። ሁለቱም ቴስዳታ-ቤስት በሚባለው የፕሮጀክቱ ክፍል ይገኛሉ። ይህን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ በሰላም ይጫንለትና ገጽ ሲሰጠው «የዳታ ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም» ይለዋል።

ዴብ ፋይል ምሥጢር የለውም። ውስጡ ሦስት ነገር ነው ያለው፦ የዴብ ፎርማቱን ቁጥር የያዘ ትንሽ ፋይል፣ ስለ ፓኬጁ የሚናገር ጥቅል፣ እና ፋይሎቹ ራሳቸው። እኛ የምንጽፈው መሃለኛውን ነው። ቴስፓክ ውስጥ፣ ከዩኤስአር ጎን፣ «ዴቢያን» የሚባል ፎልደር በትልልቅ ፊደል ክፈቱ። ውስጡ «ኮንትሮል» የሚባል ፋይል ይኖራል። ስድስት መስመር ይበቃዋል፦

ፓኬጅ፦ ቴሰራክት-ኦሲአር
ቨርዥን፦ 5.3.4-0
አርክቴክቸር፦ ኤኤምዲ64
ሜንቴይነር፦ ስማችሁና ኢሜይላችሁ
ዲፔንድስ፦ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች
ዲስክሪፕሽን፦ አንድ አጭር መግለጫ

ፋይሉ ላይ ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው ነው። የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ኢንተር መጫን አትርሱ።

ቨርዥኑን 5.3.4-0 ያልኩት እንዲያው አይደለም። ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የመጣው 5.3.4-1 ብሎ የሚጀምር ነው። ዜሮው ከአንዱ ስለሚያንስ፣ ኮምፒውተሮቹ አንድ ቀን ወደ 24.04 ሲያድጉ የኡቡንቱው ፓኬጅ የእኔን በራሱ ይተካዋል። የእኔ ሥራ መንገድ ላይ ተገትሮ እንዲቀር አልፈልግም።

ዲፔንድስ የሚለውን መስመር አደራ። እኔ የመጀመሪያውን ፓኬጅ ስሠራ ዘልዬው ነበር። ፓኬጁን በፍላሽ ይዤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት፤ ምንም ሳያጉረመርም ገባ። መጽሔቶቹን ለዓመታት ያስቀመጡልን አዛውንት አጠገቤ ቆመዋል። «በል እስኪ አሳየኝ ልጄ» አሉኝ። ገጹን ስሰጠው «ሊብሌፕት.ኤስኦ.5 የለም» ብሎ ቆመ። ኮምፓይል ያደረግሁበት ኮምፒውተር ላይ ሌፕቶኒካ ስለነበረ ችግሩ እዚያ ሊታየኝ አልቻለም። «ነገ እመለሳለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

መስመሩን በግምት አትሙሉት፤ ቴስፓክ ውስጥ ሆናችሁ ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቁት።

ኦብጀደምፕ -ፒ ዩኤስአር/ቢን/ቴሰራክት | ግሬፕ ኒድድ

«ኒድድ» በትልልቅ ፊደል ነው፤ «ኦብጀደምፕ» ደግሞ «ኦብጀክት» እና «ደምፕ» ተቆራርጠው የተገጠሙበት ነው። የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ተራ በተራ ይወጣሉ። ሊብ ውስጥ ላለው የቴሰራክት ላይብረሪም ይህንኑ ድገሙ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ዲፒኬጂ -ኤስ» ብላችሁ ስሙን ስጡት፤ ኤሱ ትልቅ ነው። የየትኛው ፓኬጅ ንብረት እንደሆነ ይነግራችኋል። ሊብሌፕት.ኤስኦ.5 ለምሳሌ «ሊብሌፕት5» ከሚባለው ይመጣል። ያገኛችኋቸውን በኮማ እየለያችሁ ዲፔንድስ ላይ ደርድሩ።

ከዚያ እሰሩት፦

ዲፒኬጂ-ዴብ --ሩት-ኦውነር-ግሩፕ --ቢውልድ /ቴምፕ/ቴስፓክ ቴሰራክት.ዴብ

መሃል ያለውን ረጅሙን አማራጭ አትተዉት። እሱ ከሌለ ፋይሎቹ የሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሳይሆን የእናንተ አካውንት ንብረት ሆነው ይታሸጋሉ፤ ሌላው ኮምፒውተር ላይም እንደዚያው ይገባሉ። ከመጫናችሁ በፊት «ዲፒኬጂ-ዴብ -ሲ» ብላችሁ ውስጡን ቃኙ። ከዩኤስአር ውጭ የሚሄድ ፋይል ካያችሁ አትጫኑት።

ኢንተርኔት ለሌላቸው ኮምፒውተሮች ሊብሌፕት5ንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። «አፕት ዳውንሎድ ሊብሌፕት5» ዴቡን ያለችሁበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። እሱም ራሱ የሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች አሉት፤ ሊብጂፍ7 አንዱ ነው። እነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ የሌሉትን ሁሉ አውርዱና ከቴሰራክት ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹን ሰክታችሁ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ

ነጥቧና ጭረቷ ግድ ናቸው፤ አፕት ፋይል እንደሰጣችሁት የሚያውቀው በእነሱ ነው። የጎደለ ካለ እዚሁ ላይ በስሙ ይነግራችኋል።

ከተጫነ በኋላ «ቴሰራክት --ቨርዥን» በሉት። እኔ ጋ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ፓኬጁን እንኳ አጥፍቼው ቴሰራክት አለሁ ይለኝ ነበር። «ታይፕ -ኤ ቴሰራክት» ስለው ነገሩ ገባኝ። በሜክ ኢንስቶል የጫንኩት የድሮው ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ተርሚናሉ ደግሞ ሎካልን ቀድሞ ነው የሚያየው። የድሮው ሶርስ ፎልደር ካላችሁ እዚያ ገብታችሁ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» በሉ። ከሌላችሁ እንደኔ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መልቀም ነው። የፓኬጁን ግን «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ቴሰራክት-ኦሲአር» ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል።

በማግስቱ አዛውንቱ ተመለሱ። በ300 ዲፒአይ ስካን ያደረግሁትን አንድ ገጽ ሰጠሁት፦

ቴሰራክት ገጽ.ፒኤንጂ ውጤት -ኤል ኤኤምኤች

የወጣውን ጽሑፍ መነጽራቸውን አድርገው ከመጽሔቱ ጋር መስመር በመስመር አመሳከሩት። «እዚህ ጋ ሐን ሕ ብሎታል» አሉኝ በጣታቸው እየጠቆሙ። አረምኩት። ከዚያ ቀጣዩን ገጽ ገለጡልኝ።