ቡችላችሁ እንደገና ቤት ውስጥ መሽናት ሲጀምር፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንጣፉ ደረቅ ነበር። ቡችላው ሽንቱ ሲመጣ ሄዶ በር ላይ ይቆማል፣ ትከፍቱለታላችሁ፣ ወጥቶ ሸንቶ ይመለሳል። «በቃ፣ ለመደ» ብላችሁ ለወዳጅ ዘመድ አውርታችኋል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ እንቅልፋችሁ ገና ሳይለቃችሁ ሳሎን ስትገቡ ካልሲያችሁ ይበሰብሳል።

ያ ጠዋት ቅስም ይሰብራል። የእኔው ቡቺ አራት ወር ተኩል ሲሆነው እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ሃያ ቀን ያህል አንዲት ጠብታ ቤት ውስጥ ሳያፈስ ቆይቶ፣ በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ሸና። ልፋቴ ሁሉ ገደል የገባ መሰለኝ። አልገባም ነበር። ቡችላ በአንድ ጊዜ ተምሮ አይጨርስም፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ትምህርቱን የሚያበላሸው ምንጣፍ ላይ የፈሰሰው ሽንት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ እኛ የምናደርገው ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ መቆጣት

ይሄን ያስቀደምኩት ከሁሉም የከፋ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ሽንቱን ያገኛችሁት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው እንበል። ቡችላውን ትጠሩታላችሁ፣ ቦታውን እያሳያችሁ ትጮኹበታላችሁ። አፍንጫውን እርጥቡ ላይ የሚያሻሽም ሰው አለ። እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። ውሻ ቅጣትንም ሆነ ምስጋናን የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ አልቋል። እናንተ የምትቀጡት ለሽንቱ ነው። እሱ ግን የሚይዘው ሲጠሩት በመምጣቱ እንደተቀጣ ነው።

«ኧረ ጥፋቱንማ ያውቃል፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያየኝ» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ባህርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የውሾቹ ባለቤቶች «ይሄን እንዳትበላ» ብለው ከክፍሉ እንዲወጡ ተደረገ። ሲመለሱ፣ ምንም ያልነካው ውሻ ጭምር «በልቷል» ተብሎ የተነገረባቸው ጊዜ ነበር። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት አብዝተው ያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው ነው፤ መብላት አለመብላታቸው ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ የተጣጠፈው ጆሮ፣ እግር መሀል የተወሸቀው ጅራትና የሚሸሸው ዓይን ጸጸት አይደለም። የእናንተን ፊት አይቶ «በቃ፣ አትቆጡኝ» ማለቱ ነው።

ፍርሃት ደግሞ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ቡቺ ላይ ጮኽኩበት። በማግስቱ ከሶፋው ጀርባ፣ መጋረጃው ሥር ሸንቶ አገኘሁ። ማታ ውጭ ይዤው ስወጣ ገመዱን ወጥሮ ከእኔ ርቆ ቆመ። መሬቱን ያሸታል፣ ይዞራል፣ ቁጢጥ ሊል ይልና ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ይተወዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየን። ቤት እንደገባን ቀጥ ብሎ መኝታ ቤት ሄደና ለቀቀው። ያኔ ገባኝ። ያስተማርኩት «ቤት ውስጥ አትሽና» የሚለውን ሳይሆን «እኔ እያየሁህ አትሽና» የሚለውን ነበር። ያንን ለማስረሳት ከአንድ ሳምንት በላይ ፈጅቶብኛል። ሲሸና ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ እንደጨረሰ በለሆሳስ «ጎበዝ» እለውና የሚወደውን ቁራሽ ምግብ እዚያው አፉ ላይ አደርግለታለሁ።

እየሸና ከደረሳችሁበት ግን ዕድል አላችሁ። ሳትጮኹ ስሙን ጥሩት ወይም አንዴ አጨብጭቡ፤ ከዚያ ይዛችሁት ውጡ። የቀረውን ውጭ ከጨረሰ አመስግኑት። ካለቀ በኋላ ከደረሳችሁ ግን ምንም ሳትሉ አጽዱ።

ለዓይን ብቻ ማጽዳት

ምንጣፉ ለእኛ ንጹህ ይመስላል፣ ሽታም የለውም። የቡችላ አፍንጫ ግን ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱ እዚያ ቦታ ላይ አሁንም ሽንት ይሸተዋል፤ ሽንት የሚሸት ቦታ ደግሞ ለእሱ መጸዳጃ ነው። «ሁልጊዜ እዚያችው ጥግ ላይ ነው የሚያደርገው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እርጥቡን በጨርቅ ወይም በወፍራም ወረቀት ተጭናችሁ ምጠጡት። አትፈትጉት፤ መፈተግ ሽንቱን ወደ ምንጣፉ ውስጥ ያሰርገዋል። ቀጥሎ ለቤት እንስሳት ሽንት የተሠራ፣ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ተጠቀሙ። ኢንዛይሙ ሽታውን የሚያመጣውን ነገር ራሱን ይሰባብረዋል። ሥራውን የሚሠራው ግን ጊዜ ሲሰጡት ነው። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ምንም አይረባም፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ አቆዩት። ከታየው እርጥብም ሰፋ አድርጋችሁ ርጩ፣ ምክንያቱም ሽንት ከላይ ከሚታየው ይልቅ ከሥር ይሰፋል። እንዲህ ዓይነቱ ማጽጃ ከሌላችሁ በውሃ የተበረዘ ነጭ አቼቶ ከተራ ሳሙና የተሻለ ይረዳል።

ሁለት ነገሮችን ግን ተጠንቀቁ። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ አትንኩ፤ ሽንት ራሱ አሞኒያ ስላለው ለቡችላው «እዚህ ና» የሚል ጥሪ ይሆንበታል። በረኪናም ትኩስ ሽንት ላይ አታፍስሱ። ሁለቱ ሲገናኙ ለመተንፈሻ አካል ጎጂ የሆነ ጋዝ ሊወጣ ይችላል፤ ለእናንተም ለእሱም።

ሕመም ሊሆን እንደሚችል መርሳት

ከአንድ ሳምንት በላይ ሲደርቅ ቆይቶ በድንገት የተበላሸ ነገር ካለ፣ ከሥልጠናው በፊት ጤናውን ጠይቁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቡችሎች ላይ፣ በተለይም በሴቶቹ ላይ፣ ይታያል። ምልክቶቹን ማየት ይቻላል፦ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መሽናት፣ አምጦ መሽናት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ብልቱን አብዝቶ መላስ፣ ከወትሮው በላይ ውሃ መጠጣት። ተቅማጥ የያዘው ቡችላም፣ የአንጀት ትላትል ያለበትም፣ ቢፈልግ እንኳ መያዝ አይችልም። እነዚህን ካያችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቁጢጥ እያለ ጭራሽ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት።

አንዳንድ ሰው ሽንት ለመቀነስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይከለክላል። ይሄ ቡችላውን ለጉዳት ይዳርጋል፤ የሽንት ችግር ካለበትም ያብስበታል።

«ከለመደ ወዲህ» እያሉ ማላላት

ቡቺ ሐኪም ጋ ሄዶ ደህና ሲባል አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። መቼ በላ፣ መቼ ተኛ፣ መቼ ወጣ፣ መቼ የት ሸና፤ ሌላ ምንም አልጻፍኩም። በአምስተኛው ቀን ነገሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ቤት ውስጥ የሸናባቸው ጊዜያት ሁሉም ማለት ይቻላል ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው። ያ ሰዓት ልጆች መጥተው አብረውት የሚሯሯጡበት ነው። ቀደም ሲል በየሰዓቱ አወጣው ነበር። «ለመደ» ካልኩ ወዲህ ግን በሦስት ሰዓት አንዴ ሆኗል። የተለወጥኩት እኔ እንጂ እሱ አልነበረም።

በግምት የምንሄድበት መለኪያ አለ። ቡችላ በወር ዕድሜው ላይ አንድ ጨምራችሁ የምታገኙትን ያህል ሰዓት ሊይዝ ይችላል ይባላል፤ የሦስት ወሩ አራት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ይሄን እንደ ቋሚ ሕግ ይወስደዋል። ይሄ ጣሪያው ነው፤ ያውም ተረጋግቶ ለተቀመጠ ወይም ለተኛ ቡችላ። ነቅቶ የሚሯሯጥ ቡችላ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይመጣበታል። ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ ፊኛቸውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ሲመለስባችሁ እናንተም ወደ ኋላ ተመለሱ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ዛሬ ገና ወደ ቤት እንደመጣ ቁጠሩት። ከእንቅልፍ እንደነቃ አውጡት። ከበላ በኋላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ አውጡት፤ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ ሰገራው ያኔ ይመጣል። ጨዋታ መሀል አቋርጣችሁ አውጡት። ምግቡንም በሰዓት ስጡት። ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ሞልቶ የሚውል ቡችላ መቼ እንደሚጸዳዳ ማንም ሊገምት አይችልም።

ሸንቶ እንደጨረሰ ጎትቶ ማስገባት

ይሄኛው በጣም ረቂቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ቡችላው ውጭ መሆን ይወዳል። ቅጠል አለ፣ ሽታ አለ፣ ነፋስ አለ። እንደሸና ወዲያው ካስገባችሁት የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ከሸናሁ ደስታው ያልቃል። ብልጥ ቡችላ ታዲያ ይይዘዋል፤ ቤት ሲገባ ይለቀዋል። «ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆይተን፣ እንደገባን ሸናብኝ» የምትሉ ሰዎች ይሄን ፈትሹ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። በገመድ አስራችሁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰዱት፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ አታጫውቱት። ሲሸና አመስግኑት፤ ጨዋታውና ዙረቱ ከዚያ በኋላ ይጀምር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልሸና አስገቡት፣ ግን አትልቀቁት። እቅፋችሁ ውስጥ ወይም በአጭር ገመድ አጠገባችሁ አድርጉትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ውጡ።

የደስታና የፍርሃት ሽንትን እንደ ጥፋት ማየት

ከሥራ ስትገቡ እየተቅለሰለሰ፣ ጀርባው ላይ እየተገለበጠ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቡችላ አለ። ይሄ ከመጸዳዳት ትምህርት ጋር አይገናኝም። ከደስታ ወይም ለትልቅ ከመገዛት የሚመጣ ነው፤ ቡችላው ሊቆጣጠረው አይችልም። ብትቆጡት ይጨምራል። ስትገቡ ከላይ አታጎንብሱበት፣ ራሱን አትዳብሱት። ጎን ለጎን ቁጭ በሉና ደረቱን እከኩለት፤ ከተቻለም ሰላምታውን ውጭ አድርጉት። አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዉታል።

ቤቱን በሙሉ በአንዴ መልቀቅ

ቡችሎች ከሦስት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ ከሚተኙበት ቦታ ራቅ ብለው መሽናት ይጀምራሉ። የኬጅ (ቡችላው የሚተኛበት የሚዘጋ ሣጥን) ሥልጠና የሚሠራው በዚህ ተፈጥሮ ላይ ተመሥርቶ ነው። ኬጁ ግን ተነስቶ ለመቆም፣ ለመዞርና ለመጋደም ብቻ የሚበቃ መሆን አለበት። በጣም ሰፊ ከሆነ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ መጸዳጃ ያደርገዋል። ሊይዝ ከሚችለው ሰዓት በላይ ከዘጋችሁበት ደግሞ ሳይወድ በግዱ መኝታው ላይ ይሸናል። እንዲህ እየተደጋገመ ያችን ተፈጥሯዊ ንጽሕናውን ያጣታል፤ መልሶ ማምጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ቆሻሻ ጠባብ ቦታ ላይ ያደጉ ቡችሎችን ማስለመድ የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው። በእነሱ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ አለበት። አንዱ ውጭ እያወጣ ሌላው ቤት ውስጥ ፓድ (ሽንት የሚመጥ ንጣፍ) ላይ የሚያሸናው ከሆነ ቡችላው ግራ ይጋባል።

ነጻነት ሲጨምር በክፍል በክፍል ይሁን። ሳሎን ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ ኮሪደሩን ክፈቱለት፤ እዚያም ከደረቀ መኝታ ቤቱን። ስድስት ወር አካባቢ ሲደርስ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ እግሩን አንስቶ ግድግዳና የሶፋ እግር ላይ ጥቂት መርጨት ሊጀምር ይችላል። ያ «ይሄ የእኔ ቦታ ነው» ብሎ በሽንቱ ምልክት ማድረግ ነው። ያኔም ክፍሎቹን መልሳችሁ ዝጉ፣ ዓይናችሁን አትንቀሉበት፤ ስለ ማምከን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ደግሞ አስታውሱ፦ ውሻ «ቤት ውስጥ አይሸናም» የሚለውን የሚማረው በእናንተ ቤት ነው። የጓደኛ ቤት፣ አዲስ የተከራያችሁት ቤት ለእሱ ገና ቤት አይደለም። ቡቺ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ሰው ቤት ይዤው ስሄድ መጀመሪያ በውጭ በኩል አዞረው ነበር። ሲሸና ጠብቄ፣ አመስግኜው፣ ከዚያ ነው በሩን የማንኳኳው።