ማታ ደህና የነበረው ውሻ ጠዋት ማከክ ሲጀምር

ውሻ ድንገት ራሱን እስኪያደማ ማከክ ሲይዝ በብዙ ግቢ ቶሎ የሚታሰበው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ነው። እባካችሁ አትቀቡት። የተቆጣውን ቆዳ ይልጠዋል፤ ውሻው ሰውነቱን ሲልስ ደግሞ መርዙ ሆዱ ይገባል። በረኪናም ያው ነው። መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ የትኛውን ቦታ እንደሚያክ ተመልከቱ፤ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ቦታው ነው።

ወገቡንና የጅራቱን ሥር የሚነክስ ከሆነ

ቁንጫን ጠርጥሩ። ፀጉሩን ገልጣችሁ ጥቁር ብናኝ ካገኛችሁ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ከውሻው የመጠጠችው ደም ነው። ምራቋ አለርጂ የሚሆንበት ውሻ በአንድ ሁለት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያክካል፤ ስለዚህ ቁንጫዋን አለማየት ነጻ አያወጣትም።

በማጅራቱ ላይ የሚንጠባጠብ ፊፕሮኒል የተባለ የቁንጫ መድኃኒት ወይም የሚታኘክ የቁንጫ ክኒን በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ እንቁላሉ ከውሻው ላይ ረግፎ በሚተኛበት ማዳበሪያና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይፈለፈላል። ማዳበሪያውን አቃጥሉት፣ ጨርቁን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ቤቱን ጥግ ድረስ ጥረጉ። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ሙሽሬ፣ ማለትም ገና ቁንጫ ሆኖ ያልወጣው፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ስለሚቆይ ሕክምናው በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በግቢው ያሉ ውሾችና ድመቶች ሁሉ አብረው ይታከሙ። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ግን ድመት ላይ በፍጹም አታድርጉ፤ ይገድላታል።

የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና የኋላ እግሩ አንጓ ከሆነ

ይህ የእከክ ቦታ ነው፤ ሌሊት እንኳ አያስተኛውም። የጆሮውን ጠርዝ በጣታችሁ ስታሹት የኋላ እግሩ ለማከክ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከቤተሰቡም ክንዱ ወይም ሆዱ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው ሊኖር ይችላል።

ሐኪም ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን ገዝታችሁ በግምት አትውጉት። መጠኑን መሳት ቀላል ነው፤ እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎችና ቅይጦቻቸው ላይ ደግሞ መድኃኒቱ አንጎል ድረስ ዘልቆ ሊገድል ይችላል።

በሰዓታት ውስጥ እርጥብ ቀይ ቁስል ከወጣ

ቁንጫ ወይም የጆሮ ሕመም አሳክኮት፣ ወይም ዝናብ መትቶት ፀጉሩ ሳይደርቅ ቀርቶ፣ እየላሰና እየነከሰ ያመጣው ነው። በዙሪያው ያለውን ፀጉር ቁረጡ፣ አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። ወፍራም ቅባት እርጥበቱን ያፍነዋልና አትለጥፉበት። በአንገቱ ዙሪያ የፕላስቲክ መከለያ አጥልቁለት፤ መላሱን ካልተወ ቁስሉ አይድንም። በማግስቱ ከሰፋ ወይም መግል ከያዘ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ፊቱ ካበጠ

ንብ ነድፋው ይሆናል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ካስመለሰ ወይም ከተንገዳገደ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ። የሰው ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን፣ አትስጡት። ለሐኪሙ ማከኩ የጀመረበትን ሰዓት፣ የበላውን አዲስ ነገርና የተቀባውን ሁሉ ንገሩት፤ ነጭ ጋዝ ከሆነም አትደብቁ።