ተርሚናሉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲልህ

ፕሮግራሙን ጭነኸው ተርሚናሉ ግን አላውቀውም ካለህ መጀመሪያ ሼልህ፣ ማለትም ተርሚናሉ ውስጥ የምትጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ የትኛው እንደሆነ እይ። ማክ ላይ በፈረንጆች 2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ ዲፎልት ሼሉ ከባሽ ወደ ዚሼል ተቀይሯል፣ የቆዩ ማብራሪያዎች ግን አሁንም ባሽ ፕሮፋይል (.bash_profile) የሚባለው ፋይል ውስጥ ጻፍ ይሉሃል፣ ዚሼል ደግሞ ያንን ፋይል ዞር ብሎም አያየውም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር የምትጠቁመውን መስመር የዚሼል ፋይል የሆነው ዜድኤስኤችአርሲ (.zshrc) ውስጥ አስገባና አዲስ ተርሚናል ክፈት።

በጣም የምትጠነቀቀው ፓዝ (PATH) ላይ ነው፣ ሼሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ማለት ነው። አዲስ ፎልደር ስትጨምር የድሮውን ፓዝ በዶላር ምልክት ($PATH) ጠርተህ በኮለን ካላያያዝከው የነበረውን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል፣ ከዛ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስ (ls) እንኳን አይሰራም! እንደዛ ከሆነ ሙሉ አድራሻውን ጻፍ፣ ስላሽ ቢን ስላሽ ኤልኤስ (/bin/ls) ብትለው ይሰራል። እኩል ይሆናል ምልክቷ ግራና ቀኝም ስፔስ እንዳታደርግ። እኔ ፋይሉን ከመንካቴ በፊት ሁሌ ኮፒ አስቀምጣለሁ፣ የተከፈተውንም መስኮት አዲሱ መስራቱን እስካይ አልዘጋውም።