ባሕር ዳር ዙሪያ አደይ አበባ የት የት አለች? ካርታ ላይ ለማስፈር ለምትፈልጉ

መስከረም መጨረሻ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ ነው። ሁሉም ግን አደይ እንዳይመስላችሁ። ያበበ የኑግ ማሳ ከሩቅ ያሳስታል፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ የሆነው መጭ የሚባለው አረምም እንደዛው። ስለዚህ ከባጃጅ ላይ ሆኖ መመዝገብ አይሆንም፣ መውረድ ግድ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን እዩ። የኑግና የመጭ ቅጠል ረዘም ያለ፣ ያልተከፋፈለ ነው፤ ሥሩ ግንዱን ያቅፋል። የአደይ ግን እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ካልለየላችሁ አበባውን ገልብጡት፦ ኑግ ከሥሩ አምስት ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉት፣ የአደይ የውጪዎቹ ጠበብ ያሉ ናቸው። ትንሽ ከለመዳችሁት ዓይናችሁ ራሱ ይለየዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። «አደይ» የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ በሳይንሳዊ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ የምትባለው አለች፣ ባይደንስ ፕሬስቲናሪያም በዚሁ ስም ትጠራለች። ሜዳ ላይ ቆሞ ከመከራከር ፊቷን፣ ጀርባዋንና ቅጠሏን ለየብቻ ፎቶ አንሱ። ዘር ስትይዝ ተመልሳችሁ ዘሩንም አንሱት፣ ዝርያ ለመለየት እሱ ብዙ ይረዳል።

አሁን ወደ መንገዱ። የጢስ ዓባይን፣ የመሸንቲንና የዘንዘልማን አቅጣጫ ምረጡና በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ። ከመንገዱ መቶ እርምጃ ያህል ግቡ፣ ምክንያቱም መንገድ ዳር የሚበቅለውና ውስጥ ያለው ላይመሳሰል ይችላል። ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ ያዙ፤ ግጦሽ ነው፣ የማሳ ወሰን ነው፣ ውሃ የተኛበት ነው፣ ጻፉት። ከሌለችም «የለችም» በሉ! ባዶው ቦታ ካልተመዘገበ ካርታው የእናንተን የእግር መንገድ እንጂ የአደይን መገኛ አያሳይም። ዘጌ ከሄዳችሁ ደግሞ ቡናው ጥላ ሥር አትድከሙ፣ አደይ ፀሐይ ወዳድ ናት፤ የጫካውን ዳርና ገላጣውን እዩ።

ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ አስፈቅዱ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ እንግጫ የሚነቅሉ ልጃገረዶች ካሉ እነሱን ጠይቁ፣ አደይ ቀድማ የምትፈነዳበትን ቦታ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ዙር መስከረም መባቻ ላይ፣ ሌላ ዙር ጥቅምት መግቢያ ላይ ሂዱ፤ በሁለተኛው ዙርም በመጀመሪያው ዙር የቆማችሁባቸው ነጥቦች ላይ ቁሙ።